«አልካሊ» እና «ሃሎጅን» ምን ማለት ናቸው?

ጥያቄ፦ ልጄ ለኬሚስትሪ ፈተና ስታጠና ስለ ንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) «አልካሊ ብረቶች ወደ ታች ሲወረድ ይበረታሉ፣ ሃሎጅኖች ወደ ታች ሲወረድ ይደክማሉ» እያለች በቃሏ ትይዛለች። የስሞቹን ፍቺ የምታውቁ ብታስረዱን? ምክንያቱም ቢገባት እወድ ነበር።

መልስ፦ «አልካሊ» ከዓረብኛው «አል-ቀሊ» የመጣ ነው። ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ ተክሎች ተቃጥለው የሚገኘው አመድ ነው፤ ሳሙናና ብርጭቆ ይሠራበት ነበር። «ፖታሲየም»ም መነሻው አመድ ነው፤ የድስት አመድ እንደማለት። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ ከአልካሊ ብረቶቹ ፖታሲየምንና ሶዲየምን በኤሌክትሪክ ለይቶ ያወጣቸው በ1807 እ.ኤ.አ. ነው። «ሃሎጅን» ግሪክ ነው፣ ጨው አስገኚ። ሶዲየምና ክሎሪን ሲዋሃዱ የወጥ ጨው ይሆናሉና ስሙ በትክክል ገልጾታል። የሦስቱ ሃሎጅኖች የየግል ስም ደግሞ ከመልክና ከሽታ የተወሰደ ነው፦ ክሎሪን ፈዛዛ አረንጓዴ፣ አዮዲን ሐምራዊ፣ ብሮሚን ክርፋት።

መልስ፦ ምክንያቱን እኔ ልጨምር። አልካሊ ብረቶች በአቶማቸው የመጨረሻ እርከን ላይ ያላቸው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ነው፤ ሥራቸው እሱን መስጠት ነው። ወደ ታች ሲወረድ እርከኖቹ ይበዛሉ፣ ኤሌክትሮኑ ከሚስበው ከአቶሙ አስኳል ይርቃል፣ የውስጦቹ ኤሌክትሮኖችም ይጋርዱታል። ስለዚህ በቀላሉ ይለቀቃል። ውሃ ላይ ሲጣሉ ሊቲየም ቀስ ብሎ ይፍለቀለቃል፣ ሶዲየም ቀልጦ እየተንከባለለ ይሮጣል፣ ፖታሲየም በሐምራዊ ነበልባል ይቀጣጠላል፣ ሲዚየም ይፈነዳል። ሃሎጅኖች ግን ሰባት ይዘው አንድ የሚፈልጉ ተቀባዮች ናቸው። ለመቀበል ደግሞ አስኳሉ ቅርብ መሆን አለበት፤ ትንሹ ፍሎሪን ከሁሉ የበረታው ለዚህ ነው። ያገኘውን ሁሉ ስለሚይዝ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ሟሳን ለብቻው ሊያወጣው የቻለው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ልጅዎ ቤተ ሙከራ ካላቸው ክሎሪንን በፖታሲየም ብሮማይድ ሙሙት ውስጥ ሲያሳልፉ ትመልከት፤ ብሮሚን ተፈናቅሎ ሙሙቱ ብርቱካንማ ይሆናል። አዮዲን ግን ክሎሪንን ማፈናቀል አይችልም። አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ይህን ከያዘች ሁለቱን ዓረፍተ ነገር መሸምደድ አያስፈልጋትም።

መልስ፦ አንድ የምወደው ቃል አለ። ኬሚካሎች እርስ በርስ ሲለዋወጡ (ሪአክሽን) «አፀግብሮት» በምንለው ውስጥ «ግብር» አለ፣ ሥራ ማለት ነው። ሳይንቲስቶቹ ሬይሊና ራምዚ በ1894 እ.ኤ.አ. ያገኙት «አርጎን» የተባለ ጋዝ ደግሞ በግሪክኛ ሥራ ፈት ነው፤ በእኛ አገባብ ግብር የለሽ ልንለው እንችላለን። ከሌላ ጋር በቀላሉ አይዋሃድምና ስሙ ይስማማዋል። ሆኖም አርጎን ያለበትን መላውን የኖብል ጋዞች ቤተሰብ «ፈጽሞ የማይዋሃዱ» ብሎ መፍታት ስህተት ነው። ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት በ1962 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ቤተሰብ ዜኖንን ከፕላቲነምና ከፍሎሪን ጋር አዋህዶታል። ዜኖን ከአርጎን በታች ነው፤ የዳር ኤሌክትሮኖቹ ከአስኳሉ ስለራቁ ሊነጠቁ ይችላሉ። ከላይ ለአልካሊ ብረቶች የተሰጠው ምክንያት እዚህም ይሠራል። መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ካላችሁ «ፈጽሞ»ን አውጥታችሁ «በቀላሉ የማይዋሃዱ» በሉልን።