«ጊዜ ቀጠሮ» ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከቃሊቲ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ባዶ ምሳ ዕቃ ታቅፈው «ልጄን በሽብር ጠርጥረው ያዙት፤ ዛሬም ጊዜ ቀጠሮ ጠየቁበት» ሲሉ ሰማሁ። ቀጠሮ ራሱ ጊዜ አይደል እንዴ? «ጠየቁበት»ስ ለምን ተባለ?

ከአቃቂ፦
ፍርድ ቤት ለምስክርም፣ ለብይንም፣ ለፍርድም ይቀጥራል። እሱ ሁሉ ቀጠሮ ነው። የጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ግን ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ሰውየውን ይዞ ለመቆየት የሚጠይቀው ነው። ስለዚህ «ጊዜ» ትርፍ ቃል አይደለም። «-በት» ደግሞ እዳው የሚወድቅበትን ሰው ያሳያል፤ ተፈረደበት፣ ተመሰከረበት እንደምንለው። እናትየው አማርኛቸው ቁጭ ያለ ነው።

የሕጉን ቋንቋ ካየን ደግሞ ጉድ አለ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ስንት ጊዜ ይደጋገም የሚለው ላይ ግን ጣሪያ የለም። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 መጣና አንዱ ቀጠሮ ከ28 ቀን አያንስም አለ፤ ተደምሮ እስከ 4 ወር። «አይበልጥም» የነበረው «አያንስም» ሆነ! ዳኛው ለተጠርጣሪው አዝኖ አንድ ሳምንት ልስጥ ቢል እንኳ አንቀጹ አያፈናፍነውም ነበር። አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል።

ከገላን፦
እኔን የሚያበግነኝ «ታራሚ» ነው። ቂሊንጦ ብዙ የቀጠሮ እስረኛ የሚቆይበት ቦታ ነው፤ ሰው ግን ሁሉንም በጅምላ ታራሚ ይለዋል። ገና ያልተፈረደበት ሰው ምኑ ነው የሚታረመው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ክስ እስኪመሠረት ተጠርጣሪ፣ ከዚያ ተከሳሽ፣ ከተፈረደበት በኋላ ፍርደኛ ነው። «አሸባሪው ተያዘ» የሚል ሰውማ ዳኛውን አሰናብቶታል።

ጠያቂ፦
ገባኝ። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ»ስ ከእስር ጋር ይዛመዳል?

ከአቃቂ፦
በደንብ! ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። ቁራኛ ማለት ያ አብሮ የታሰረው ሰው ነው። ተከሳሹ እንዳያመልጥ ከሳሹ ራሱ ዘብ ይሆናል፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል። ዓይንህን ቁራኛ ካደረግከው እንግዲህ ሰውየው ከዓይንህ አይጠፋም። «የአልጋ ቁራኛ»ም ከዚያው ነው። የሚገርመኝ፣ ያኔ ከሳሹም እንቅልፍ ስለሚያጣ ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ቀጠሮ ሲራዘም የሚጉላላው አንደኛው ወገን ብቻ ነው። ስንቅ አመላላሿን ሳንረሳ።

ጠያቂ፦
እኒያን እናት ዳግም ባገኛቸው ምን ልበላቸው?

ከገላን፦
«ክስ ተመሠረተበት ወይስ ገና ምርመራ ላይ ነው?» ብለህ ጠይቃቸው። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደነበር፤ አንቀጽ 19 ነው፣ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ጠበቃውና ቤተሰቡ እንዲጎበኙት የሚፈቅደው ደግሞ አንቀጽ 21 ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፍላቸው፤ ታክሲ ውስጥ የተነገረ ነገር ይረሳል።