ባለ 3 ደርብ የችግኝ መደርደሪያ፦ ካሬ የኤልኢዲ ቦርድ፣ ረጅም ባር ወይስ ክብ?

መገጭ_ችግኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ለበጋ መስኖ የሚደርስ የቲማቲም (መልካሾላ) እና የበርበሬ (ማረቆ ፋና) ችግኝ ቤት ውስጥ ለማፍላት መደርደሪያ እያዘጋጀሁ ነው። በተረፈው ቦታ ሰላጣ ይገባል። መደርደሪያው ከብረት አንግል የተበየደ፣ 120 በ60 ሴ.ሜ፣ ባለ 3 ደርብ ነው። ከደርብ እስከ ደርብ ያለው ከፍታ 45 ሴ.ሜ ነው። የክፍሉ መስኮት ትንሽ ስለሆነ ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ የሚገባው ብርሃን አይበቃም። ደጅ እንዳላወጣው ደግሞ በረዶውን እፈራለሁ።

አሁን የማወዳድረው አራት ዓይነት ነው፦ 30 በ30 ሴ.ሜ የሆነ ካሬ ቦርድ (120 ዋት)፣ 115 ሴ.ሜ ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን ባሮች፣ ክብ ቦርድ እና በጥቅል የሚሸጠው ተለጣፊ ሪባን። ለዚህ መደርደሪያ የትኛው ቅርጽ ይሻላል? ለአንድ ደርብ ስንት ዋት ይበቃል? መብራት ሲሄድና ሲመጣ የማይቃጠልስ የትኛው ነው?

ብርሃን_ለቅጠል

ወንድሜ፣ ከዋቱ በፊት ከፍታውን አስላ። 45 ሴ.ሜ አለኝ ብለሃል። ትሪው ከነአፈሩ 7 ይወስዳል፣ ለመተከል የደረሰ ችግኝ 15፣ መብራቱ ከነመያዣው 3። የሚተርፍህ 20 ሴ.ሜ ነው። ቅርጹን የሚወስነው እሱ ነው፤ የፋብሪካውም ስም የዋቱም ብዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሌንስ የሌለው ኤልኢዲ ብርሃኑን በ120 ዲግሪ ይበትናል። እንዲህ ያለውን አንድ ነጥብ መብራት በ20 ሴ.ሜ ከፍታ ሰቅለህ ልክ ከሥሩ ያለው ቅጠል 100 ያገኛል ብንል፣ 20 ሴ.ሜ ወደ ጎን ያለው 25 ብቻ ያገኛል። 40 ሴ.ሜ የራቀው 4 ይደርሰዋል። ካሬው ቦርድ ነጥብ ስላልሆነ ልዩነቱ ትንሽ ይለዝባል እንጂ 120 ሴ.ሜ ርዝመት ላይ ጫፎቹ መጨለማቸው አይቀርም። መሃል ያለው ቲማቲም ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ ዳር ያለው ደግሞ አንገቱን ወደ መሃል እያሰገገ ይመነምናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዋት ይጨምራል። ያኔ መሃሉ ይቃጠላል፣ ዳሩ ግን እምብዛም አይሻሻልም።

ባር ሲሆን ብርሃኑ ርዝመቱን ሁሉ ይዞ ስለሚወርድ የምትጨነቀው ለ60 ሴ.ሜው ስፋት ብቻ ነው። ለአንድ ደርብ 4 ባር ያዝ። ከፊተኛው ጠርዝ ስትለካ በ6፣ በ21፣ በ39 እና በ54 ሴ.ሜ ላይ እሰራቸው። ክፍተቱ 15፣ 18፣ 15 ይሆናል። እኩል ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው፦ መሃሉ ከግራም ከቀኝም ይደርሰዋል፣ ዳሩ ግን ከአንድ ወገን ብቻ፤ ስለዚህ ባሮቹ ወደ ዳር ጠጋ ይበሉ። በባሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከመብራት እስከ ቅጠል ካለው ከፍታ አይብለጥ። ከበለጠ ከላይ ስታየው መስመር መስመር ይሠራል።

ክቡ ለአንድ ማሰሮ አበባ ወይም ለአንድ የሎሚ ችግኝ ጥሩ ነው። በአራት ማዕዘን መደርደሪያ ላይ ግን ማዕዘኖቹን ታጣቸዋለህ። ኤልኢዲዎቹ ዳር ዳሩን ጠቅጠቅ፣ መሃሉን ሳሳ ብለው የተደረደሩበት ካሬ ቦርድም አለ። ከተራው ካሬ ይሻላል፣ የመሃሉን ትኩሳት ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን ከፍታ ይፈልጋል።

ዋቱን እንዲህ አስላው። ስፋቱ 1.2 በ0.6 ነው፣ 0.72 ካሬ ሜትር። ለችግኝና ለሰላጣ በካሬ ሜትር በሰከንድ 200 ማይክሮሞል (ቅጠል የሚጠቀምበት ብርሃን መለኪያ ነው) ይዘን እንነሳ፤ 144 ማይክሮሞል ቅጠሉ ላይ ማረፍ አለበት። ከሚወጣው ብርሃን ሩቡ ወደ ውጭ ያመልጣል ብለህ ለ0.75 ስታካፍለው 192 ይሆናል። ጥሩ ባር ለአንድ ጁል (አንድ ዋት በአንድ ሰከንድ የሚበላው ኃይል) 2.5 ማይክሮሞል ይሰጣል፣ ስለዚህ 77 ዋት ይበቃሃል። በቀን 16 ሰዓት ብታበራ ዕለታዊው ድምር በካሬ ሜትር 11.5 ሞል ነው። በርበሬው እውነተኛ ቅጠል ካወጣ በኋላ 300 ማይክሮሞል ቢያገኝ ግንዱ ይወፍራል፤ ለእሱ ደርብ 115 ዋት ገደማ አስብ።

ቀለሙ ከ3500 እስከ 4000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ይሁን። ሐምራዊው መብራት ቢያበቅልም ቅጠል ሲገረጣ፣ ደቃቅ ተባይ ስትወጣበት ዓይን አይለየውም። ችግኝ አፍሊ ደግሞ በየቀኑ ቅጠል ማየት አለበት።

አራዳ_ኤሌክትሪክ

በቅርጹ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ሥራው ልጨምር።

ሪባኑን ተወው። ባለ 12 ቮልቱ ሪባን ሦስት ሦስት ኤልኢዲ በተከታታይ አስሮ የተረፈውን ቮልቴጅ ለሬዚስተር ይሰጠዋል። ሦስቱ ኤልኢዲ 9 ቮልት ይወስዳሉ፣ 3ቱ ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ከከፈልክበት መብራት ሩቡ ማለት ነው። ጥቅሉን 5 ሜትር ሙሉ ከዘረጋኸው ደግሞ የመጨረሻው ጫፍ ደብዝዞ ታየዋለህ። ሙጫውም በሙቀትና በርጥበት ይላቀቃል።

ባሩን በአልሙኒየም ላይ እሰረው። አልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ቁርጥራጭ ፕሮፋይል አያጡም፤ ጎኑ 3 ሴ.ሜ የሆነ የዩ ቅርጽ ያለው ይበቃል። 77 ዋት ለ4 ባር ሲከፋፈል ለአንዱ 20 ዋት እንኳ አይደርስም፣ ስለዚህ ፋን አያስፈልግም። ያው 77 ዋት በአንድ ካሬ ቦርድ ላይ ቢሆን ግን ሙቀቱ አንድ ቦታ ይከማቻል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፣ ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ይደክማል። ለቆላማ አገር የተሰላ ቦርድ እዚህ ትንሽ ይበልጥ ይግላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አልሙኒየሙን በመዳፍህ ያዘው። 5 ሰከንድ መታገሥ ካልቻልክ ኃይሉን ቀንስ።

ብሎን በየ25 ሴ.ሜው ይግባ። የብሎኑ ራስ ከኤልኢዲው የብየዳ ነጥብ ጋር እንዳይነካካ የፕላስቲክ ሮንዴላ አድርግ። የአልሙኒየም ቦርድ ላይ መዳቡን ከአልሙኒየሙ የሚለየው ሽፋን ስስ ነው፤ አንዴ ከተጫረ ሙሉ ፍሬሙ ኤሌክትሪክ ይይዛል። አንድ ነገር ብዙ ሰው ይረሳል፦ 115 ሴ.ሜ አልሙኒየም በ30 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.8 ሚ.ሜ ይረዝማል። ሁለቱን ጫፍ ከብረት መደርደሪያው ጋር ግጥም አድርገህ ካሰርከው ይጎብጣል፣ የብየዳ ነጥቦቹም ይሰነጠቃሉ። አንዱን ጫፍ አጥብቅ፣ በሌላው ጫፍ ቀዳዳውን ሞላላ አድርግና ላላ ይበል።

ስለ ሽቦው፦ 4ቱን ባለ 24 ቮልት ባር በተከታታይ ካሰርካቸው 96 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፤ ውኃ በሚረጭበት ቦታ ይህ አደገኛ ነው። በትይዩ እሰራቸው፣ 24 ቮልትና 3.2 አምፔር ይሆናል። ከድራይቨሩ (የግድግዳውን መብራት ለባሮቹ ወደ 24 ቮልት ከሚቀይረው ሳጥን) እስከ እያንዳንዱ ባር ያለው ሽቦ እኩል ርዝመት ይኑረው፣ ውፍረቱም ከ0.75 ካሬ ሚ.ሜ አይነስ። ለምሳሌ የሚንዌል ኤችኤልጂ-100ኤች-24ኤ የተባለው ድራይቨር ከ90 እስከ 305 ቮልት ይቀበላል፣ ቮልቴጁንም አምፔሩንም በራሱ ላይ ባለው ማስተካከያ ታስተካክለዋለህ። 3.2 አምፔር ላይ አቁመው። ከባሮቹ የአንዱ ሽቦ ቢላቀቅ 3.2ቱ አምፔር ለቀሩት ሦስቱ ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ 1.07 ይደርሳል። ስለዚህ ባር ስትገዛ ቢያንስ 1.1 አምፔር የሚችል ምረጥ።

መብራት ሲመለስ የሚገድለው የመጀመሪያው ግፊት ነው። ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራውን መከላከያ ከፊት አድርግ። የብረት መደርደሪያውን ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ የመከላከያ ሽቦ) አስረው። ድራይቨሩን ከመደርደሪያው ውጭ፣ ከውኃ ማጠጫው ከፍ ባለ ቦታ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ዲቫይደሩም መሬት ላይ አይቀመጥ።

መገጭ_ችግኝ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ባሩን ወስኛለሁ። ሁለት ካሬ ቦርድ ግን አስቀድሜ ይዣለሁ፣ እንዳይጣሉ ምን ላድርጋቸው? ባር ተሟልቶ እስኪመጣስ ከዚሁ ከፒያሳ የሚገኝ ጊዜያዊ ነገር አለ?

ማራኪ_ጓሮ

ቦርዶቹን ለላይኛው ደርብ ተጠቀምባቸው። ከላይ ክዳን ስለሌለው ከፍታው ነጻ ነው። አንዱን ከግራው ጫፍ 30 ሴ.ሜ፣ ሌላውን 90 ሴ.ሜ ላይ፣ ከቅጠሉ 40 ሴ.ሜ ከፍ አድርገህ ስቀል። የእያንዳንዳቸውን ኃይል ወደ 50 ዋት አውርደው። ዙሪያውን ነጭ ቀለም በተቀባ ኮምፔርሳቶ ወይም በነጭ ፎም ክበበው፤ ዳሩ ላይ ለውጡን በዓይንህ ታየዋለህ። ማዕዘኖቹ ያኔም ደከም ስለሚሉ በርበሬውን መሃል፣ ሰላጣውን ማዕዘን ላይ አድርግና ትሪዎቹን በየሁለት ቀኑ አዙር። እዚህ ላይ ከላይ ካሉት ወንድሞች ትንሽ እለያለሁ፦ ከፍታ ካለ ካሬ ቦርድ ክፉ አይደለም። ችግሩ ዝቅ ያለ ደርብ ውስጥ ሲገባ ነው።

ለጊዜያዊው፣ ባለ 120 ሴ.ሜ የኤልኢዲ ቲዩብ፣ 18 ዋት፣ ነጭ። በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ አለ። ቅርጹ ያው ባር ነው፣ ስርጭቱም ጥሩ ነው። ድክመቱ ቅልጥፍናው ነው፤ የተለመደው ለአንድ ጁል 1.3 ወይም 1.4 ማይክሮሞል አካባቢ ይሰጣል። 200 ማይክሮሞል ለማግኘት ለአንድ ደርብ 8 ቲዩብ፣ 144 ዋት ትፈልጋለህ። ሦስት ደርብ በ16 ሰዓት ሲሰላ ቲዩቡ በቀን 6.9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ጥሩው ባር 3.7። ለአንድ ወቅት ይታገሡታል፣ ለዓመታት ግን ቆጣሪው ላይ ልዩነቱ ይታያል። በ6 ቲዩብ ብትጀምርም 150 ማይክሮሞል ታገኛለህ፤ ሰላጣና ገና የበቀለ ቲማቲም አያማርርም።

ሌላው ሙቀት ነው። በርበሬ ለመብቀል ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይወዳል፣ የጎንደር ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። የባሩ ሙቀት ከጀርባው ስለሚወጣ ከላዩ ያለውን ትሪ ከሥር ያሞቀዋል። ስለዚህ የበርበሬ ዘር ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ደርብ ላይ ይሁን። የታችኛው ደርብ ከሥሩ የሚያሞቀው የለም፣ ሰላጣውን እዚያ አድርገው። ታይመሩን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ማግስቱ 8 ሰዓት አድርገው። 16 ሰዓት ይሞላል፣ ቅዝቃዜው በሚበረታበት ሌሊት ሙቀት ይሰጥሃል፣ ሁሉም ቤት ምጣድ ጥዶ ኃይሉ ከሚወርድበት የማታ ሰዓትም ታመልጣለህ። ጥርስ ያለው ታይመር መብራት በሄደ ቁጥር ይቆምና ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባትሪ ያለውን ዲጂታል ግዛ። መብራት ሄዶ የጎደለውን ለማካካስ ሰዓቱን ብታስረዝም ለቲማቲም ከ18 አትለፍ። ሌት ተቀን ከበራለት ቅጠሉ እየገረጣ ይሄዳል።

ብርሃን_ለቅጠል

የካሬውን ነገር በማራኪ_ጓሮ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ከፍታ ካለው ይሠራል።

መለኪያ መሣሪያ ከሌለህ የስልክህን የሉክስ (ለዓይን የሚታይ ብርሃን መለኪያ) አፕ ተጠቀም። ሴንሰሩ ያለው ፊት ለፊት፣ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ነው፤ ስልኩን ገልብጠህ ሳይሆን ስክሪኑን ወደ መብራቱ አድርገህ ቅጠሉ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ያዘው። እጅህና ራስህ ጥላ እንዳይጥሉበት። ለ4000 ኬልቪን ነጭ መብራት ሉክሱን ለ67 አካፍል፦ 13,400 ሉክስ ማለት 200 ማይክሮሞል ነው። ለሐምራዊ መብራት ይህ ስሌት አይሠራም። ስልክ ከስልክ ስለሚለያይ ቁጥሩን እንደ ግምት ያዘው፤ ቦታ ከቦታ ለማወዳደር ግን ይበቃል። በርዝመቱ 5፣ በስፋቱ 3፣ በድምሩ 15 ቦታ ለክተህ ዝቅተኛውን ለአማካዩ አካፍል። 0.7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትሪ ማዞር አያስፈልግህም። ከዚያ ካነሰ ዋቱን ሳትነካ መጀመሪያ የዳሮቹን ባሮች በ2 ሴ.ሜ ወደ ውጭ ግፋና እንደገና ለካ።