ፍሬን የሌለው ሞተር ሳይክል ለ14 ዓመት ልጅ፦ ልፈርም?

የኤስኪልስቱናዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ስዊድን፣ ኤስኪልስቱና ነው። ባለፈው በጋ ልጄን ጓደኛው የስሜደርናን ውድድር ሊያሳየው ይዞት ሄደ። ስሜደርና የከተማችን የስፒድዌይ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ክለብ ነው፤ ስሙ ብረት ቀጥቃጮቹ ማለት ነው፣ ከተማችን የብረት ሥራ ከተማ ስለሆነች። ከዚያ ምሽት ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከስፒድዌይ ሌላ ወሬ የለም። አራት ነጂዎች ሞላላ የአፈር መም ላይ አራት ዙር ይሽከረከራሉ፣ ሁልጊዜም ወደ ግራ። ሞተሩ ፍሬን እንደሌለው የሰማሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጄ ክለቡ ውስጥ መማር ይፈልጋል። አባቱ ፈቅዷል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። በልጅነቱ የተማረ ሰው ካለ ይንገረኝ፦ መጀመሪያ የሚያስተምሯቸው ምንድን ነው? ፍሬን የሌለውስ ነገር እንዴት ይቆማል?

ግራ እግር

እኔ በ15 ዓመቴ ጀምሬ እስከ 21 ዓመቴ ነድቻለሁ።

ፍሬን የሌለው ለነጂዎቹ ደኅንነት ሲባል ነው። አራት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተጠጋግተው ኩርባ ሲገቡ አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው ላዩ ላይ ይወጣበታል። ፍጥነት የሚቀነሰው ጋዝ በመቀነስና የኋላውን ጎማ በማንሸራተት ነው። የትልልቆቹ ሞተር 500 ሲሲ ነው፤ ክብደቱ ከ77 ኪሎ አያንስም፣ ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ልጆች በዚያ አይጀምሩም፣ አነስ ባሉት ነው።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መሙ ላይ አልወጣሁም። መሐል ሜዳው ላይ ሁለት አሮጌ ጎማዎች ተጣሉልን፤ እነሱን መዞር ብቻ። ግራ እግር ላይ የብረት ጫማ ይታሰራል። እግሩ መሬቱን እየዳሰሰ ይንሸራተታል እንጂ ክብደት አይጣልበትም፤ ክብደቱ በቀኙ መርገጫ ላይ ነው። የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ሲያፈተልክ የፊቱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወደ ግራ ይሄዳል። ይህ እስኪገባኝ ሁለት ወር ፈጀብኝ። የገባኝን ቀን የማስታውሰው በብረት ጫማዬ ድምፅ ነው፦ እስከዚያ ይንገጫገጭ የነበረው ቢላዋ ሲሳል እንደሚሰማው አንድ ወጥ ድምፅ ሆነ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። እናቴ ከመኪና ስወርድ ሁልጊዜ «ቀስ በል ልጄ» ትለኝ ነበር። በሦስተኛው ወር፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ ፈራሁና እየተንሸራተትኩ ሳለ ጋዙን ዘጋሁት። ጋዙ ሲዘጋ ሲንሸራተት የነበረው ጎማ መሬቱን ይነክሳል፤ ሞተሩ በድንገት ቀና ይልና ወደ አጥሩ ይወረወራል። የእጄ አንጓ ተሰበረ። ቀስ የሚባለው ኩርባው ሳይገባ ነው፤ ከተገባ በኋላ እጅ መጽናት አለበት። ካልሆነ ሞተሩን በግራ ጎኑ አስተኝቶ መውደቅ ነው፤ እሱንም ያስተምሩታል። በቀኝ እጅ አንጓ የምትታሰር ገመድ አለች፤ ልጁ ከሞተሩ ሲለይ ገመዷ ትነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ እባክዎ «ቀስ በል» አይበሉት። «ገመድህን አሰርክ?» ይበሉት።

የሁለት ልጆች አባት

እህቴ፣ ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አደጋው በእጅ አንጓ አያበቃም። ዳርሲ ዋርድ የተባለው አውስትራሊያዊ ከዓለም ምርጦች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ፖላንድ፣ ዜሎና ጉራ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳና በተሽከርካሪ ወንበር ቀረ። ለሴት ልጄ ከመጀመሯ በፊት አጠገቤ አስቀምጬ ይህን ነግሬያታለሁ። ሰምታ፣ አስባ፣ እነዳለሁ አለች። እርስዎም ሳይፈርሙ በፊት ይንገሩት።

ሥራው ደግሞ ግማሹ የወላጅ ነው። ነዳጁ ሜታኖል የሚባል የአልኮል ዓይነት ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ) ውስጥ ካደረ ብረቱን ይበላዋል። እኔ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አፈስሰዋለሁ። መርዝ ነው፣ ጓንት ያስፈልጋል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ወጪውን በተመለከተ፣ ክለቡ የሚያውሰው ሞተርና ልብስ እንዳለ ይጠይቁ። የእኔ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረሰችው በውሰት ነው።

ግራ እግር

የዋርድ ስም መነሣቱ ተገቢ ነው፤ እኔ ሳልጠቅሰው ማለፌ ጥፋት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኩርባዎቹ ላይ በአየር የሚነፋ አጥር መኖሩን ይዩ። ለውድድር ብቻ ነው የሚነፋው ወይስ ለልጆች ልምምድም? ይህን አሰልጣኙን ፊት ለፊት ይጠይቁት።

የኤስኪልስቱናዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ስለ ዋርድ ነገርኩት፤ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል፣ እንዳልፈራ ብሎ ነው የደበቀኝ። ብዙ አወራን። አሰልጣኙንም ስለ አጥሩ ጠየቅሁ፤ ለልጆቹም ይነፋል።

ዛሬ ጠዋት ፈርሜያለሁ። ልምምዱ ሐሙስ ይጀምራል። የብረት ጫማ ግን ለውሰት የለም ተብለናል፤ የልጄ የግራ ቦት ቁጥሩ 42 ነው። ያገለገለ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ።