ጠበል ላይ ላለ ታማሚ የሥነ ልቦና ተማሪ ምን ይበል?

ጥያቄ (የ3ኛ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በክፍላችን ስለ ባህላዊ ሕክምና የተነሣው ክርክር አልተቋጨም። ገሚሶቻችን ጠበል፣ ጸሎትና ዱዓ የታማሚውን ተስፋ ስለሚያጠነክሩ ሊከበሩ ይገባል ስንል፣ ሌሎቹ በጥናት ያልተረጋገጠን ነገር ማበረታታት ሰውን ለጉዳት ማጋለጥ ነው ይላሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን በተግባር ልምምድ ላይ ያየሁት ነው። አንዲት እናት ልጃቸው መድኃኒቱን ይወስድ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ክኒን ፈትተው አሳዩን፤ አንዱም አልተነካም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠበል ላይ ስለሆነ ነው» አሉ። እኔም የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልሁ።

መልስ 1 (የአእምሮ ሕክምና ነርስ)፦
ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸውን ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዳንቆጣቸው ፈርተዋል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን፣ ታማሚው ሕመሙን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ምን አመጣብኝ ብሎ እንደሚያምንና ምን ዓይነት ሕክምና ይገባኛል እንደሚል አስቀድመን እንድንጠይቅ ያስተማረው ለዚህ ነው። እኔም ሱባኤው ስንት ቀን እንደሆነ፣ ታማሚው ይጾም እንደሆነና ክኒኑን ማን እንዳስቆመው እጠይቃለሁ። ጥያቄው ለወግ አይደለም፤ ሊቲየም የተባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እህል ውኃ ሳይቀምስ ቢውል፣ ወይም ቢያስመልሰውና ቢያስቀምጠው፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም በድንገት ከተቋረጠ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

መልስ 2 (የማስተርስ ተማሪ)፦
በአክብሮት ስም ዝም እንዳንል እፈራለሁ። ታማሚን በሰንሰለት ማሰር በምንም ባህል ሊሸፈን አይገባም። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም ስሕተት ነው። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ለቀላል ድብርት እንደሚረዳ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን ፍሉኦክሴቲን ከተባለው የድብርት መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ ከማለት ይልቅ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በምን መጠንና ከምን ጋር እንደሚወሰድ እንጠይቅ።

መልስ 3 (አስታማሚ የነበርሁ)፦
ጠበሉና ክኒኑ አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ወንድሜም ክኒኑን እንደገና የጀመረው አጥማቂው ካህን «ይህንም የሰጠህ እግዚአብሔር ነው» ሲሉት ነው፤ እኛ ቤተሰቦቹ ወራት ለምነነው እንቢ ብሎን ነበር።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። እናቲቱ በቀጠሯቸው ቀን ሲመጡ፣ ስለ ክኒኑ ከማንሣቴ በፊት ሱባኤው ስንት ቀን እንደቀረውና ልጃቸውን የሚያጠምቁት ካህን ማን እንደሆኑ እጠይቃቸዋለሁ።