ውድቅ የተደረገ አመልካች ለሁለት ዓመት ይታገድ? የአዳማ ወጣት ባለሙያዎች ክርክር

አወያይ፦ በዚህ ሳምንት ቡድናችን የሚከራከርበት ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ የማማከር ድርጅት ያልተቀበለውን አመልካች ለሁለት ዓመት ዳግም እንዳያመለክት መከልከሉ ተገቢ ነውን? እንደ ማኪንዚ ባሉ ዓለም አቀፍ የማማከር ድርጅቶች ዘንድ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ማስጠበቅ የተለመደ ሲሆን፣ ጥያቄውን ያነሣችው እህታችን ካመለከተችበት አገር በቀል ድርጅት የደረሳት ደብዳቤም ሁለት ዓመት ይላል።

ጥያቄውን ያነሣችው አባል፦ ክልከላውን የምቃወመው ምክንያቱ ሳይነገረኝ እንድጠብቅ ስለተደረግሁ ነው። ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ሌሊት 11 ሰዓት ከአዳማ ተነሥቼ ነበር። በቃለ መጠይቁ መፍትሔ እንድፈልግለት የተሰጠኝ ጉዳይ ትርፉ የቀነሰበት የዱቄት ፋብሪካ ነበር። የስንዴውን፣ የመብራቱን፣ የከረጢቱንና የማጓጓዣውን ወጪ በሰንጠረዥ ደርድሬ አንድም ስሌት ሳልስት ጨረስኩ። ጠያቂው ወረቀቴን አይቶ «እንግዲያው ባለቤቱ ነገ ጠዋት ምን ያድርግ?» ሲለኝ ያንኑ ቁጥር መልሼ አነበብኩለት። ከሳምንት በኋላ አለመመረጤንና ሁለቱን ዓመት ብቻ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ስሌቴ የተሳሳተ መስሎኝ ስምንት ወር ሙሉ ሒሳብ ሳጠና ቆየሁ። ጉድለቴ ውሳኔ ለመምከር አለመድፈሬ መሆኑን የነገረኝ በኋላ ያማከርኩት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ድርጅቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍልኝ ኖሮ እነዚያ ወራት ባልባከኑ ነበር።

በቅጥር ሥራ ላይ የቆየ አባል፦ እህቴ፣ የደረሰብሽን አልክድም፤ ከወዲህኛው ወገን ያለውንም ስሚኝ። የፈተና ጉዳይ ማዘጋጀት ብዙ ይደክማል። በሁለት ወር ውስጥ የተመለሰ አመልካች ጥያቄውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው የምንለካው ትዝታውን ይሆናል። የማመዛዘን ልማድም ሰው ሥራ ላይ ሲቆይ የሚያዳብረው ነው። ምክንያት የማንጽፈው ንቀት ኖሮን አይደለም፤ እኔ ራሴ ለአንድ አመልካች ምክንያቱን ጽፌ፣ በዚያች አንድ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ስከራከር ከርሜያለሁ።

የሕግ ባለሙያ አባል፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ተስማሚ ያልሆነን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ድንጋጌው የሚመለከተው የተቀጠረን ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ የማነሣው ለማነጻጸር ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ለመመዘን 60 ቀን ይበቃል ከተባለ፣ በአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ የተሰጠ ፍርድ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲጸና ማድረግ ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል።

ሌላ አባል፦ በማስረጃ ማጣሪያ የወደቀና የመጨረሻው ዙር ደርሶ የወደቀ ለምን እኩል ይታገዳሉ? የመጀመሪያው ወረቀቱ ታየ እንጂ እሱ ራሱ ገና አልታየም።

በቅጥር ሥራ ላይ የቆየ አባል፦ ይህ ነጥብ አሳምኖኛል። በማጣሪያ የወደቀ ሰው አዲስ ልምድ ወይም ዲግሪ ባገኘ ጊዜ እንዲመለስ ብንፈቅድ የምንጎዳው የለም። ምክንያቱንም ሳንዘረዝር የጎደለው ስሌት፣ አቀራረብ ወይም የውሳኔ ሐሳብ መሆኑን በአንድ ቃል ብንጠቅስ የሚመጣውን ክርክር የምንችለው ይመስለኛል። ቃለ መጠይቅ ለተፈተነ ሰው ግን በሁለቱ ዓመት እጸናለሁ። አንቺስ በስምንተኛው ወር ብትመለሺ ኖሮ ያንኑ ሒሳብ ይዘሽ አልነበረም የምትመጪው?

ጥያቄውን ያነሣችው አባል፦ አዎን፣ ያንኑ ይዤ እመጣ ነበር፤ የጎደለኝን የነገረኝ አልነበረምና። የእኔ ሁለት ዓመት የሚሞላው በመጪው ጥቅምት ነው፤ አመለክታለሁም። አሁን በምሠራበት የእህል ንግድ ድርጅት ለአለቃዬ የማቀርበው ወርኃዊ ሪፖርት የሚጀምረው ምን እናድርግ በሚለው መስመር ነው፤ ሰንጠረዡ ከሥሩ ይከተላል። ባለፈው ወር መስመሩ «የሁለተኛውን መጋዘን ኪራይ እናቋርጥ» የሚል ነበር፤ አለቃዬ ሁለት ጥያቄ ጠይቀውኝ በዚያው ዕለት ፈረሙበት። ከፊተኛው ማመልከቻዬ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ስጽፍ የማስቀድመው ይህንን ነው።