ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ለአንድ ቀን የስኬትቦርድና የቢኤምኤክስ ፌስቲቫል፦ ራምፑና አቀማመጡ

ሳቢያን_ልጅ፦
ሰላም ነው? ከዚራ ዛፎቹ ስር ካሉት ቀጥ ያሉ መንገዶች አንዱን ለአንድ ቀን አስዘግተን ለሰፈር ልጆች ፌስቲቫል ልናዘጋጅ ነው። አስፋልት ነው፣ 60 ሜትር ያህል እናገኛለን። አናጺ አለን፣ ራምፕ (መዝለያ ተዳፋት) ግን ሰርቶ አያውቅም። ከፍታው ስንት ይሁን? ከምን ይሰራ? ብስክሌትና ቦርድ አንድ ላይ ይሆናል? ለቢኤምኤክስ (ለትንንሾቹ የዝላይ ብስክሌቶች) የአፈር ዝላይ ደቻቱ ውስጥ፣ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ይሰራ የሚሉም አሉ።

አናጺው፦
ለጀማሪ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጎኖቹን ከ18 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ቁረጡ። ጎባጣውን መስመር በ2.5 ሜትር ራዲየስ አስምሩ፤ መሬት ላይ 1.36 ሜትር ይይዛል፣ ጫፉ ወደ 33 ዲግሪ ይመጣል። በሲባጎ አታስምሩ፣ ይለጠጥና ሁለቱ ጎኖች አይገጥሙም። ቀጥ ያለ ሞራሌ አንዱን ጫፍ በሚስማር አስሩ፣ በሌላው እርሳስ። በሁለቱ ጎን መሃል በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ሞራሌ አስገቡ፣ ከላይ 9 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ሁለት ድርብ። የጣውላው ወርድ 1.22 ሜትር ስለሆነ የራምፑን ስፋት በዚያው ተዉት፣ ብክነት የለውም። በቪቴ እሰሩት፣ ሚስማር በንዝረት እየወጣ ጎማ ይቀዳል። የቪቴው ራስ ወደ ውስጥ ይስመጥ።

ሰው የሚወድቀው ግን ጫፉ ላይ ሳይሆን መግቢያው ላይ ነው። 18 ሚሊ የጣውላ ጠርዝ ለብስክሌት ምንም አይደለም፣ 52 ሚሊ የቦርድ ጎማ ግን እዚያው ይቆማል፤ ልጁ ብቻውን ይቀጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ራምፑ ላይ አስራችሁ አስፋልቱ ላይ አስተኙት። ከኋላ የአሸዋ ጆንያ ካልጫናችሁ ራምፑ ይሸሻል።

ባለ20_ኢንች፦
ደቻቱን እርሱት። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይኛው ደጋ ከዘነበ ውሃው ይመጣል፤ የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ ማንም አልረሳም። ደግሞስ ደረቅ አሸዋ ቅርጽ አይይዝም፣ የአፈር ዝላይ እርጥብ ሸክላማ አፈር ይፈልጋል።

አንድ ላይ አይሆንም፣ በየ20 ደቂቃው ተቀያየሩ። ቦርድ ከልጁ እግር አምልጦ ብስክሌቱ ፊት ጎማ ስር ሲገባ ፍሬን አያድንም (ብዙ ቢኤምኤክስ ደግሞ ፍሬኑም የለውም)። አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ መንደርደሪያ 15 ሜትር፣ ከራምፑ በኋላም 15 ሜትር ባዶ። ተመልካች በጎን እንጂ መጨረሻው ላይ አይቁም።

ብስክሌቶቹ ከመግባታቸው በፊት የጎማ ዳዶዎቻቸውን አንድ ሰው ይፈትሽ፦ ብዙውን ጊዜ የኋላው በ17፣ የፊቱ በ15 ቁልፍ ነው። ንፋሱ ወደ 60 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ)። ጎማው ከላላ ሲያርፍ ቸርኬው ከመነዳሪውን ቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይበሳዋል።

ኩሽኔታ፦
ራምፑ ቀላሉ ነው፣ የድሬ ጠላት አቧራ ነው። ማታውን ውሃ ረጭታችሁ ጥረጉ፣ ጠዋት በደረቁ ድገሙት። የቦርድ ጎማ ጥንካሬ በ‘ኤ’ ቁጥር ይለካል፤ 99ኤ ጠንካራ ጎማ ሻካራ አስፋልት ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጠጠር ያቆመዋል፤ ከ78ኤ እስከ 87ኤ ያለውን ፈልጉ። የኩሽኔታው ቁጥር 608 ነው (8 በ22 በ7 ሚሊ)፣ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሽኖችም ስለሚጠቀሙበት የማሽን ዕቃ መሸጫ ጠይቁ። ሲቆሽሽ በቤንዚን ታጥቦ ይድረቅ፣ ከዚያ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት። ግራሶ ከነካችሁት ከአቧራው ጋር ሊጥ ይሆናል። የቦርዱን ጎማ ዳዶ 13 ቁልፍ ይፈታዋል።

ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 4፣ ከዚያ ከ10 እስከ 12። በመሃል ላሜራው እጅ ይፈጃል፤ ለነገሩ በበርጫ (ጫት መቃሚያ) ሰዓት ማን ይመጣል አቦ!

ሳቢያን_ልጅ፦
ተባረኩ። መንገዱን ሙሉ በሙሉ እንዝጋው?

ባለ20_ኢንች፦
ለባጃጅ አዎ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው አቁሙ፤ ገመድ ብቻ ከሆነ ከስሩ ይሾልካሉ። ግን ራምፖቹን ወደ አንድ ጎን አስጠጉና 3.5 ሜትር ለአምቡላንስ ተዉ። ራምፑም አራት ሰው አንስቶ የሚያዞረው ይሁን፣ መሬት ላይ እንዳትተክሉት።