ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ሰጥቼ ልውጣ?

ድካም በዛ (ጠያቂ)፣ ሰኔ 17፣ ከምሽቱ 3:40

እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ጠዋት ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። 2 ሰዓት ስገባ ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቼው እዚያው ዞር ብዬ መውጣት ነው የምፈልገው። ባንክ ውስጥ ቴለር (ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ) ነኝ፣ አንድ ቀን እንኳን ያ መስኮት ላይ መቀመጥ አልችልም። ዛሬ ከሰዓት ሲስተም ሁለት ጊዜ ቆሞ ወረፋው እስከ በር ወጣ፣ አንድ ሰውዬ መስታወቱን እየደበደበ ሰው ፊት ሰደበኝ፣ ማታ ሂሳብ ስዘጋ ደግሞ 4,200 ብር ጎደለኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። አራተኛው ላይ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። የመቶ ብሩን ጥቅል ላስቲክ መፍታት አቃተኝ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ናት ከእጄ ወስዳ የፈታችልኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ሥራ አስኪያጁ የጠየቀኝ "የዚህ ሳምንት ዲፖዚትሽ ስንት ደረሰ?" ብሎ ነው።

ብወጣ ምን ያደርጉኛል? ሊከሱኝ ይችላሉ?

የሰሚት ልጅ፣ 3:52

አይዞሽ እህቴ። ዛሬ በዚህ ስሜት አትወስኚ። ዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና ሁለት ሳምንት እረፊ። ከዚያ ልብሽ ሲሰክን ታስቢበታለሽ።

አቡሽ፣ 3:55

በሰኔ? ባንክ ውስጥ? ወንድሜ፣ ክረምቱን ዘንድሮ ይቅርብን ብሎ መለመን ይቀላል። እህቴ፣ የእኔም ወንድም ባንክ ነው የሚሠራው። ሰኔ 23 ዓመቱ እስኪዘጋ ድረስ ቤት የሚመጣው ለመተኛት ብቻ ነው፣ እናታችን ራቱን ከድና ትጠብቀዋለች። ብቻሽን አይደለሽም።

ጡረተኛው፣ 4:05

ልጄ፣ አንድ መሥሪያ ቤት 31 ዓመት አገልግያለሁ። በእኛ ጊዜ አለቃ ሲቆጣ አቀርቅረን እንሰማና ወደ ሥራችን እንመለስ ነበር። ሥራ ፈልጎ ማግኘት ዛሬ እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። ዲግሪውን ይዞ ድንጋይ የሚያነጥፍ ልጅ ሰፈሬ ውስጥ አለ። ያንቺን ወንበር የሚመኘው ብዙ ነው። ደብዳቤውን ቅደጂው፣ ጸልዪ፣ ነገ በጠዋት ተነሺና ሥራሽ ላይ ተገኚ። እንጀራ አይገፋም።

ድካም በዛ፣ 4:11

ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። እንጀራ ለመግፋት አይደለም። ከየካቲት ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እሑድ ማታ የሥራ ልብሴን ስተኩስ ያስመልሰኛል። ታክሲው ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ "ወራጅ" ማለት አቅቶኝ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ ተመልሼ አውቃለሁ። ጸሎትም አልተውኩም።

አንቀጽ በአንቀጽ፣ 4:14

እህት፣ ከመመለሴ በፊት ያልነገርሽንን ንገሪን። ስንት ዓመት ሠራሽ? የሠራተኛ ብድር አለብሽ? ባንኩ አሠልጥኖሽ ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብለሽ የፈረምሽበት ነገር አለ? የዛሬው 4,200 ብር በጽሑፍ ተይዟል ወይስ በቃል ነው የቀረው? የካዝና ቁልፍ አንቺ ጋ አለ?

ድካም በዛ፣ 4:21

6 ዓመት። ብድር አለብኝ፣ ለእናቴ ቤት ማደሻ የወሰድኩት፣ ብዙ አልቀረም። የሥልጠና ግዴታ የለብኝም። ቁልፍ የለኝም፣ የራሴ የገንዘብ ሳጥን ብቻ ነው ያለኝ። ጉድለቱን በቃል ነው የነገርኩት፣ "ነገ እናየዋለን" አለኝ። ባለፈው ወርም 18,000 ጎድሎብኝ ነበር። ከደሞዜ ግማሹን በአንዴ ቆረጡት። አንድ ወር ሙሉ ታናሽ ወንድሜ ነው የታክሲ የሰጠኝ።

ሐዋሳ 05፣ 4:24

እኔ ደግሞ ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይመስለኝም። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ ትያለሽ። ያንቺ ችግር ባንክ መሥራት ሳይሆን ቅርንጫፉ ነው። እኔም ቴለር ነበርኩ። ገበያ አጠገብ ያለ ቅርንጫፍ ስሠራ በየሳምንቱ ይጎድለኝ ነበር፣ ጸጥ ያለ ቅርንጫፍ ስዛወር በዓመት አንዴም አልጎደለኝም። ያው ሰው ነኝ። ዝውውር ጠይቂ።

ድካም በዛ፣ 4:27

ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ አላገኘም፣ ሁለተኛውን "ከክሎዚንግ በኋላ" (ከዓመት ሂሳብ መዝጊያው በኋላ ማለታቸው ነው) ብለው መለሱልኝ። ይህ ዓምና ነው።

ሊሊ ጎጃም በረንዳ፣ 4:29

ፈቃድ ውሰጂ የኔ ቆንጆ፣ ዓመት ፈቃድ መብትሽ ነው።

አቡሽ፣ 4:30

ሊሊዬ፣ ይህ መልስ ከላይ አለ፣ ክረምቱም አብሮት አለ።

አንቀጽ በአንቀጽ፣ 4:43

እሺ፣ አሁን ገባኝ። ረዘም ይላል፣ ግን አንብቢው።

መጀመሪያ ዋናው። ነገ ጠዋት ደብዳቤ ወርውረሽ አትውጪ። አዋጁን ብቻ ፈርቼልሽ አይደለም። ዛሬ ገንዘብ ጎድሏል፣ ጉድለቱ በጽሑፍ አልተያዘም፣ አንቺ ደግሞ በማግስቱ ጠፋሽ። ይህን ታሪክ ከውጭ የሚያየው ሰው ምን ይላል? 4,200 ብር የቆጠራ ስህተት ሆኖ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነው፣ ከጠፋሽ ግን እምነት ማጉደል ተብሎ ፖሊስ ጋ ሊደርስ ይችላል። ነገ ገብተሽ ጉድለቱን በጽሑፍ አስይዢ፣ የሳጥኑ ቆጠራ ሰው ባለበት ይደረግ፣ ሁላችሁም ፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ለራስሽ ያዢ። የቀን መዝገብሽን ከሲስተሙ ጋር አስተያዪው። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የሚገኘው ሁለቴ በተመዘገበ ወይም ሳይመዘገብ በታለፈ ክፍያ ነው።

ሁለተኛ፣ መልቀቅ መብትሽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ምክንያት መጻፍ አይጠበቅብሽም። ማስጠንቀቂያ ሳትሰጪ ብትወጪ አሠሪው ካሳ መጠየቅ ይችላል፣ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደሞዝ አይበልጥም። ለመልቀቅ ብቻ እስር ቤት የገባ ሰው የለም።

ሦስተኛ፣ ያ ግማሽ ደሞዝ። አንቀጽ 59ን አንብቢ። ከደሞዝ ላይ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፣ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ግማሽ ከቆረጡ አልፈዋል። በዚያ ላይ ቴለር የገንዘብ ጉድለት አበል የሚከፈለው ለዚሁ ስለሆነ የአንቺ እንዴት እንደታሰበ ጠይቂ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ሊቀመንበሩን ነገውኑ አነጋግሪው።

የታዬ ልጅ፣ 4:50

ሰውዬው ሰው ፊት ሰድቧታል እኮ። ክብሯ ተነክቷል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችላለች። አንቀጽ 32 ነው መሰለኝ።

አንቀጽ በአንቀጽ፣ 4:54

አንቀጽ 32 ትክክል ነው፣ ግን የሚለው አሠሪው ሰብዓዊ ክብሯንና ሞራሏን የሚነካ ነገር ሲፈጽምባት ነው። ደንበኛ የሰደባት እዚያ ውስጥ አይገባም። በዚህ ተማምና ብትወጣ ፍርድ ቤት ላይ ትሸነፋለች። እባካችሁ በተጨነቀ ሰው ላይ እርግጠኛ ያልሆናችሁትን አትጻፉ።

ነርስ ነኝ፣ 5:02

እህቴ፣ ሕጉን ነገሩሽ፣ እኔ ደግሞ ስለ ሰውነትሽ ልናገር። ሌሊት 9 ሰዓት መንቃት፣ ማስመለስ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ አራት ወር። ይህ ስንፍናም ቅብጠትም አይደለም። ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። ደምሽንም ያዩልሻል፣ የታይሮይድ ወይም የደም ማነስ ችግር አንዳንዴ እንዲሁ ያደርጋል፣ ሁሉንም ጭንቀት ነው ብለሽ አትዝጊው። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቢልኩሽ ደግሞ አትፍሪ። "አማኑኤል ገባች ይሉኛል" ብለው ስንቱ ቤት ተቀምጠው ሲታመሙ አይቻለሁ። አማኑኤል በተመላላሽ የሚታከሙት መምህራን ናቸው፣ ሾፌሮች ናቸው፣ የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ሐኪሙ እረፍት ከጻፈልሽ ደግሞ ያ የሕመም ፈቃድ ነው፣ ዓመት ፈቃድሽ አይነካም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ሰኔም ቢሆን ክሎዚንግም ቢሆን የሕመም ፈቃድ "ከክሎዚንግ በኋላ" አይባልም። ወረቀቱን ይዘሽ በማግስቱ አሳውቂያቸው።

አንድ ነገር በቀጥታ ልጠይቅሽ። ራስሽን ስለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? አስበሽ ከሆነ ዛሬ ማታ ብቻሽን አትደሪ፣ ወንድምሽን ቀስቅሺው፣ ነገ ከቅርንጫፉ በፊት ሆስፒታል ሂጂ። እዚህ መመለስ ካልፈለግሽ አትመልሺ፣ ግን ለአንድ ሰው ንገሪ።

የቀድሞ ቴለር፣ 5:15

የኔ እህት፣ አንቺን ሳነብ ራሴን አየሁ። ከለቀቅኩ 4 ዓመት ሆነኝ። እኔ እንዳንቺ ዞር ብዬ ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ የከፈልኩትን ልንገርሽ።

የሠራተኛ ብድር ነበረብኝ። ከወጣሁ በኋላ ወለዱን እንደ ማንኛውም ተበዳሪ አድርገው አሠሉት፣ የወር ክፍያዬ አንገቴን አነቀኝ። ዋስ የሆነኝ አጎቴ ስልክ ተደወለለት፣ ከእኔ ጋር ስድስት ወር አልተነጋገረም። ክሊራንሴ (ከዕዳና ከንብረት ነፃ መሆኔን የሚያሳየው ወረቀት) አልጨርስ ብሎ የሥራ ልምድ ወረቀቴን በሰዓቱ አላገኘሁም። ያን ወረቀት ስጠብቅ አንድ ጥሩ ሥራ አመለጠኝ። ሕጉ ወረቀቱ ለሠራተኛው በነፃ ይሰጥ እንደሚል ማን ነግሮኝ!

በመልቀቄ አልጸጸትም። እንቅልፌ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። አሁን አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ፣ ደሞዙ መጀመሪያ አነስ ያለ ነበር፣ ማንም ግን መስታወት አይደበድብብኝም። የወጣሁበት መንገድ ነው የጎዳኝ። የብድር ውልሽን ዛሬውኑ አውጪና ስለ መልቀቅ የሚለውን አንቀጽ አንብቢ። የቀረውን በአንዴ መዝጋት ትችዪ እንደሆነ አስዪ። የስንት ወር አስቤዛ እጅሽ ላይ እንዳለ በወረቀት ጻፊው፣ በጭንቅላት የተሠላ ገንዘብ ሁሌም ይበዛል።

አንቀጽ በአንቀጽ፣ 5:24

ስለ ገንዘቡ ልጨምር። 5 ዓመት ስላለፈሽና የሥልጠና ግዴታ ስለሌለብሽ በራስሽ ፈቃድ ብትለቂም የሥራ ስንብት ክፍያ አለሽ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። 6 ዓመት ከሞላሽ የ80 ቀን ደሞዝ ገደማ ነው። ያልወሰድሽው ዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው መክፈል ያለባቸው፣ በርግጥ በእጅሽ ያለውን ካስረከብሽ። ይህን ከብድሩ ጋር አቻችይው፣ ያሰብሽውን ያህል አስፈሪ ላይሆን ይችላል።

ደብዳቤውን ስትሰጪ በሁለት ቅጂ ይሁን። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገሽ ቀንና ማኅተም ያለበትን አንዱን ይዘሽ ተመለሺ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ደብዳቤ ሲጠፋ አይተናል።

ጡረተኛው፣ 5:31

ልጄ፣ ቅድም የጻፍኩት ከበደሽ ይቅር በይኝ። ሌሊት መንቃቱን አላወቅኩም ነበር። የእኔ ታላቅ ልጅ እንዲሁ ሆና ዝም ብላን፣ ኋላ ነው የነገረችን። የነርሷን ምክር ስሚ።

ድካም በዛ፣ 5:48

ሁላችሁንም አነበብኩ። አመሰግናለሁ፣ እያለቀስኩ ነው የምጽፈው። ጋሼ፣ ምንም አላስቀየሙኝም። ነርስ፣ ለጠየቅሽው፣ ወንድሜን ቀስቅሼዋለሁ፣ አጠገቤ ተቀምጧል። ነገ መጀመሪያ ጉድለቱን አስይዛለሁ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ደብዳቤው ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ደብዳቤውን ግን አልቀደድኩትም።

የሰሚት ልጅ፣ ሰኔ 18፣ ከቀኑ 8:10

እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? 4,200ው ተገኘ?

የቀድሞ ቴለር፣ ሰኔ 19፣ ከምሽቱ 2:30

እኔም እየጠበቅኩሽ ነው። የብድር ውሉን አንብበሽ ያልገባሽ ካለ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ነርስ ነኝ፣ ሰኔ 21፣ ከጠዋቱ 1:15

የሌሊት ተራ ጨርሼ ወጥቼ መጀመሪያ ያየሁት ይህን ገጽ ነው። ደህና ከሆንሽ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልን።

ባለ ነጭ ጋውን፣ ሰኔ 27፣ ከምሽቱ 4:02

ይቅርታ፣ የእህታችንን ጥያቄ ለመቀማት አይደለም። እኔ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነኝ፣ በዚህ ወር 11 ሌሊት አድሬያለሁ፣ እኔም ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የ30 ቀኑ ነገር ለእኔም ይሠራል?

አንቀጽ በአንቀጽ፣ 4:20

አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንክ 1156 አይመለከትህም፣ በሲቪል ሰርቪስ አዋጅ ነው የምትተዳደረው። የፌዴራል ነህ የክልል? ስንት ዓመት ሠራህ? ከተማርክበት ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ አለብህ? እነዚህን መልስልኝና እንቀጥል። ደብዳቤውን ግን ዛሬ አትስጥ።